ትልቅ ቁጥር ሲገጥማችሁ ውስጡን እንዴት ታያላችሁ? 113,169,672ን ደረጃ በደረጃ እንበትነው

እሺ ዛሬ አንድ ትልቅ ሙሉ ቁጥር ይዘን ከላይ እስከታች እንፈታዋለን። ቁጥሩ 113,169,672 ነው። ዘጠኝ ዲጂት ነው፣ ሲያዩት ምንም የሚናገር አይመስልም፣ ግን በወረቀትና በእስክሪብቶ ብቻ ስንት አካፋይ እንዳለው፣ አካፋዮቹ ሲደመሩ ስንት እንደሚመጡ፣ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ መጻፍ ይችል እንደሆነ፣ ሁሉንም ማወቅ ይቻላል። ይሄ ሁሉ የሚወጣው ከአንድ ስራ ነው፣ ቁጥሩን ወደ ፕራይሞች (ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የምንላቸው) ከመበተን። እሱን ከጨረሳችሁ ሌላው ማባዛት ብቻ ነው የሚቀረው።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ፦ አካፋይ ባገኛችሁ ቁጥር ወዲያው አካፍላችሁ አውጡት፣ ከዛ በኋላ በትንሹ ቁጥር ነው የምትቀጥሉት። እኔ መጀመሪያ ስማር ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ሁሌ ዋናውን ቁጥር ይዤ ለ17 ይካፈላል ወይ፣ ለ19 ይካፈላል ወይ እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ እቀመጥ ነበር። የአንድ ቁጥር ትንሹ ፕራይም አካፋይ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም (ቁጥሩ ራሱ ፕራይም ካልሆነ በቀር)። የኛ ቁጥር ስኩዌር ሩት 10,638 ምናምን ነው፣ እስከ 10,000 ብቻ ደሞ 1,229 ፕራይም አለ፣ በዛ መንገድ ብትሄዱ መሞከር ያለባችሁ ያን ሁሉ ነው። እያወጣን ከሄድን ግን ስንት እንደሚሆን ታያላችሁ።

ደረጃ 1፦ ቁጥሩን በትክክል መያዛችሁን አረጋግጡ

ቀላል ይመስላል ግን ብዙ ልፋት የሚባክነው እዚ ጋር ነው። ኤክሴል ላይ ከ15 ዲጂት በላይ የሆነ ቁጥር ብትጽፉ ከ15ኛው በኋላ ያሉትን ዲጂቶች ምንም ሳይነግራችሁ ዜሮ ያደርጋቸዋል። ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋም ተራውን ቁጥር ያለ ስጋት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ነው። በነምበር ቲዎሪ ደሞ "በጣም ቀርቧል" የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ቁጥርና ጎረቤቱ ከ1 በቀር አንድም የጋራ አካፋይ የላቸውም፣ ስለዚ የመጨረሻዋ ዲጂት በአንድ ከተሳሳተች የምትሰሩት ነገር በሙሉ የሌላ ቁጥር ነው የሚሆነው። ረጅም ቁጥር ከሆነ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተጠቀሙ፣ ሙሉ ቁጥርን የፈለገውን ያህል ቢረዝም ሳያጠጋጋ ይይዛል። የኛው ዘጠኝ ዲጂት ስለሆነ በዚ በኩል ሰላም ነው።

ደረጃ 2፦ 2ን ጨርሳችሁ አውጡ

የመጨረሻው ዲጂት 2 ስለሆነ ቁጥሩ ተጋማሽ ነው። ግን ለ2 ይካፈላል ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ ስንቴ ነው የሚካፈለው? ለ4 የመጨረሻ ሁለት ዲጂት ይታያል፣ ለ8 የመጨረሻ ሶስት፣ ለ16 የመጨረሻ አራት። 72 ለ4 ይካፈላል፣ 672 ለ8 ይካፈላል (84 ይሆናል)። እዚ ጋር ተጠንቀቁ፣ 672 ለ16ም ይካፈላል፣ 42 ይመጣል፣ እና ብዙ ሰው ቁጥሩም ለ16 ይካፈላል ብሎ ይቸኩላል። ለ16 ግን መታየት ያለበት 9,672 ነው፣ እሱን ለ8 ስታካፍሉት 1,209 ይሆናል፣ 1,209 ደሞ ኢ-ተጋማሽ ነው፣ ስለዚ በ8 ያበቃል ማለት ነው። 1,000 ለ8 ይካፈላል ለ16 ግን አይካፈልም፣ ምክንያቱ እሱ ነው።

113,169,672 ÷ 8 = 14,146,209። ከአሁን ወዲያ የምንሰራው በዚ ነው፣ ዋናውን ቁጥር እርሱት።

ደረጃ 3፦ 3 እና 5

ዲጂቶቹን ደምሩ፦ 1+4+1+4+6+2+0+9 = 27። 27 ለ9 ስለሚካፈል ቁጥሩም ለ9 ይካፈላል። ድምሩ 27 ስለሆነ ለ27ም ይካፈላል እንዳትሉ፣ የዲጂት ድምር ዘዴ የሚሰራው ለ3 እና ለ9 ብቻ ነው፣ 10 ለ9 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ ነው የሚሰራው፣ ከ27 ጋር እንደዛ አይደለም። አካፍሉትና እዩ፦ 14,146,209 ÷ 9 = 1,571,801። የዚህን ዲጂት ስትደምሩ 23 ይመጣል፣ ለ3 አይካፈልም፣ ስለዚ 3 ሁለቴ ብቻ ነው ያለው። የመጨረሻው ዲጂት 0 ወይም 5 ስላልሆነ 5 የለም።

ደረጃ 4፦ 7ን፣ 11ን እና 13ን በአንድ ጊዜ

ይሄ በጣም የምወደው ክፍል ነው። 7 × 11 × 13 = 1,001 ነው። ይሄ ማለት 1,000 ከነዚህ ከሶስቱም አንጻር ልክ እንደ −1 ነው የሚሰራው፣ ስለዚ ቁጥሩን ሶስት ሶስት ዲጂት እያረጋችሁ ከቀኝ ወደ ግራ አንዴ ደምሩ አንዴ ቀንሱ፦

801 − 571 + 1 = 231

አሁን ያን ትልቅ ቁጥር ትታችሁ 231ን ብቻ ነው የምትጠይቁት። 231 = 3 × 7 × 11 ነው። 7 አለ፣ 11 አለ፣ 13 ግን የለም። 231 ውስጥ 3 መኖሩን ልብ በሉ፣ እሱ ምንም አይነግረንም፣ 3 የ1,001 አካፋይ አይደለማ። ይሄ ዘዴ የሚናገረው ስለ 7፣ ስለ 11 እና ስለ 13 ብቻ ነው።

1,571,801 ÷ 7 = 224,543፣ እሱ ÷ 11 = 20,413። 7 ወይም 11 ድጋሚ ይኖር ይሆን? 413 − 20 = 393፣ 393 ለ7 ቢካፈል 1 ይቀራል፣ ለ11 ቢካፈል 8 ይቀራል፣ ለ13 ቢካፈል 3 ይቀራል። የሉም።

ከዘጠኝ ዲጂት ወደ አምስት ወረድን። የ20,413 ስኩዌር ሩት 142.87 አካባቢ ነው፣ እስከዛ ያሉት ፕራይሞች 34 ብቻ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ደሞ ስድስቱን (2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13) አይተናል። ከ1,229 በላይ የነበረው ስራ 28 ሙከራ ሆነ።

ደረጃ 5፦ የቀረው ፕራይም ነው ወይስ አይደለም?

28ቱን አንድ በአንድ መሞከር ይቻላል፣ ግን ከዛ በፊት የፌርማን ዘዴ ሞክሩ፣ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተጠቀመበት ነው። ሀሳቡ እንዲ ነው፦ ቁጥሩ ተቀራራቢ የሆኑ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት ሆኖ ቶሎ ይገኛል። ከስኩዌር ሩቱ ቀጥሎ ያለውን ሙሉ ቁጥር ያዙ፣ 143 ነው። 143² = 20,449። ከሱ ላይ 20,413 ሲቀነስ 36። 36 ደሞ 6² ነው! በመጀመሪያው ሙከራ ወጣ፦

20,413 = 143² − 6² = (143 − 6) × (143 + 6) = 137 × 149

ባይወጣ ኖሮ 144²፣ 145² እያላችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ግን ሁለቱ አካፋዮች ከተራራቁ ይሄ ዘዴ በጣም ይረዝማል፣ አስር አስራ አምስት ሙከራ አርጋችሁ ካልመጣ ወደ ተራው ማካፈል ተመለሱ። 137ም 149ም ስኩዌር ሩታቸው ከ13 በታች ስለሆነ እስከ 11 ያሉትን ብቻ ሞክሩባቸው፣ አይካፈሉም፣ ሁለቱም ፕራይም ናቸው።

ስለዚ 113,169,672 = 2³ × 3² × 7 × 11 × 137 × 149። ሌላ አበታተን የለውም፣ የማንኛውም ሙሉ ቁጥር የፕራይም አበታተን አንድ ብቻ ነው፣ ቅደም ተከተሉን መቀያየር ካልሆነ።

ደረጃ 6፦ ስራችሁን አረጋግጡ

መልሶ ማባዛት አንዱ መንገድ ነው፣ ፈጣኑ ግን በቀሪ ማየት ነው። ብዙ ሰው የለመደው በ9 ማረጋገጥ ነው፣ እዚ ግን ከንቱ ነው፣ 3² ስላለበት የቀረውን እንዴትም ብትሳሳቱ ቀሪው ሁሌ 0 ነው የሚመጣው። የቁጥሩ አካፋይ ባልሆነ ነገር ነው ማረጋገጥ ያለባችሁ፣ ለምሳሌ በ13። ዋናው ቁጥር፦ 672 − 169 + 113 = 616፣ ለ13 ሲካፈል ቀሪው 5። በአካፋዮቹ በኩል፦ 8 × 9 = 72 ቀሪው 7፣ በ7 ሲባዛ 49 ቀሪው 10፣ በ11 ሲባዛ 110 ቀሪው 6፣ 137 ራሱ ቀሪው 7 ነው ስለዚ 42 ቀሪው 3፣ 149 ቀሪው 6 ነው ስለዚ 18 ቀሪው 5። 5 እና 5፣ ገጠመ።

ደረጃ 7፦ አሁን ባህሪያቱን አንብቡ

ስንት አካፋይ አለው? እያንዳንዱ ፓወር ላይ 1 ደምሩና አባዙ፦ 4 × 3 × 2 × 2 × 2 × 2 = 192። ለምን 1 ይደመራል ካላችሁ፣ 2³ ካለ ከ2 ምንም አለመውሰድ፣ አንድ መውሰድ፣ ሁለት መውሰድ ወይ ሶስት መውሰድ ትችላላችሁ፣ አራት ምርጫ ነው።

የአካፋዮቹ ድምር፦ ለየፕራይሙ ፓወሮቹን ከ1 ጀምራችሁ ደምሩና አባዙ። (1+2+4+8) × (1+3+9) × 8 × 12 × 138 × 150 = 387,504,000። ቁጥሩን ራሱን ስትቀንሱ 274,334,328 ይቀራል። ይሄ ከቁጥሩ ከራሱ ይበልጣል፣ እንዲህ አይነቱ አበንዳንት ይባላል። እኩል ቢመጣ ኖሮ ፐርፌክት ነበር፣ እንደ 6 እና እንደ 28።

የኦይለር ፋይ፣ ማለትም ከ1 እስከ ቁጥሩ ድረስ ካሉት ውስጥ ከ1 በቀር ከሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ብዛት፦ 4 × 6 × 6 × 10 × 136 × 148 = 28,984,320። ከአራቱ አንዱ ትንሽ አለፍ ብሎ ማለት ነው። 4 ከ2³ (8 − 4)፣ 6 ከ3² (9 − 3)፣ የቀሩት ከየፕራይሙ አንድ ተቀንሶ ነው የመጡት።

ስኩዌር ነው? አይደለም፣ ፓወሮቹ ሁሉም ተጋማሽ መሆን ነበረባቸው። ስኩዌር ለማድረግ የጎደሉትን አንድ አንድ ጨምሩለት፦ 2 × 7 × 11 × 137 × 149 = 3,143,602። በዚ ስታባዙት የ18,861,612 ስኩዌር ይሆናል።

ደረጃ 8፦ የስኩዌሮች ድምር

ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉም የሚያምረኝ ይሄ ነው። ደንቡ፦ ለ4 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 3 የሆኑ ፕራይሞች በሙሉ ፓወራቸው ተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩ የሁለት ስኩዌሮች ድምር ነው፣ አለበለዚያ አይደለም። የኛው ውስጥ 7 እና 11 አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስላሉ አይሆንም፣ ስንት ሰአት ብትፈልጉ አታገኙም። 137 እና 149 ግን ለ4 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው፣ 137 = 4² + 11²፣ 149 = 7² + 10²። ሁለቱ የተባዙበት 20,413 ደሞ በሁለት መንገድ ይወጣል፦ 138² + 37² እና 117² + 82²። ቁጭ ብላችሁ አስሉት፣ 19,044 + 1,369፣ ቀጥሎ 13,689 + 6,724፣ ሁለቱም 20,413 ነው። እንዴት መጣ? 138 ማለት 4 × 7 + 11 × 10 ነው፣ 37 ደሞ በ11 × 7 እና በ4 × 10 መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሁለተኛውን ለማግኘት መደመሩንና መቀነሱን ቀያይሩ።

ቁጥሩ በጣም ሲተልቅ

እስካሁን የሰራነው በእጅ የሚሆን ነው። ከዛ ሲያልፍ ሁለት ጥያቄ ይለያያል፣ ብዙ ሰው ደሞ ይቀላቅላቸዋል፦ ፕራይም ነው ወይ አንዱ ጥያቄ ነው፣ አካፋዮቹ እነማን ናቸው ሌላ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው በጣም ይቀላል። ከ2 ፓወር 67 ላይ 1 ሲቀነስ የሚመጣውን ቁጥር ውሰዱ፣ ሉካስ የሚባል የሂሳብ ሊቅ በ1876 እ.ኤ.አ. ፕራይም እንዳልሆነ አሳየ፣ አካፋዮቹን ግን አንድም ሳያውቅ። እነሱን ኮል የሚባል ሌላ የሂሳብ ሊቅ ያቀረባቸው በ1903 ነው፣ 193,707,721 × 761,838,257,287። በመሃል 27 አመት አለ።

ሳይበትኑ ማወቅ እንዴት ይቻላል? የፌርማ ትንሹ ቲዎረም፦ አንድ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ፕራይም ከሆነ፣ 2ን ከሱ በአንድ በሚያንስ ፓወር ከፍ አርጋችሁ ለሱ ስታካፍሉ ቀሪው 1 መሆን አለበት። በ91 እንሞክር። 2⁶ = 64፣ ስኩዌሩ 4,096፣ ይሄ 45 × 91 + 1 ስለሆነ 2¹² ቀሪው 1 ነው። 90 ደሞ 12 × 7 + 6 ነው፣ ስለዚ 2⁹⁰ ቀሪው 64። 1 አይደለም፣ 91 ፕራይም አይደለም፣ 7ን እና 13ን ሳንጠራ ማለት ነው።

ግን ቀሪው 1 ከመጣ ፕራይም ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ። 341ን እዩ፣ 2¹⁰ = 1,024 = 3 × 341 + 1 ስለሆነ 2³⁴⁰ም ቀሪው 1 ይሆናል፣ 341 ግን 11 × 31 ነው። በ3 ብትሞክሩት ቀሪው 56 ስለሚመጣ ይያዛል፣ ግን እንደ 561 ያሉም አሉ፣ በ2 ፋንታ ከነሱ ጋር የጋራ አካፋይ የሌላቸውን ቁጥሮች ሁሉ ብትሞክሩ የማይያዙ፣ ካርማይክል ቁጥሮች ይባላሉ። ስለዚ ሚለር-ራቢን የሚባለውን ጠንከር ያለ ፈተና ነው መጠቀም ያለባችሁ። 340 = 4 × 85 ነው፣ ከ85 ትጀምሩና ስኩዌር እያረጋችሁ ትወጣላችሁ። 2⁸⁵ ለ341 ሲካፈል ቀሪው 32፣ የ32 ስኩዌር ቀሪው 1። ቁጥሩ ፕራይም ቢሆን ኖሮ ስኩዌሩ 1 የሚሆነው ራሱ 1 ወይም −1 (እዚ ጋር 340 ማለት ነው) ከሆነ ብቻ ነበር፣ 32 ሁለቱንም አይደለም፣ ተያዘ። እንደውም ከ32 ላይ 1 ቀንሱ 31፣ 1 ጨምሩ 33 (11 አለበት)፣ አካፋዮቹ ራሳቸው ብቅ ይላሉ። ከ3,215,031,751 በታች ለሆነ ቁጥር በ2፣ በ3፣ በ5 እና በ7 ሚለር-ራቢንን ካለፈ በእርግጠኝነት ፕራይም ነው፣ መጠራጠር አያስፈልግም።

መበተኑ ግን ከባድ ነው። እስከ 20 ዲጂት አካባቢ ፖላርድ ሮ የሚባለው ዘዴ ኮምፒውተር ላይ ቶሎ ይጨርሳል፣ ሊኑክስ ያላችሁ ፋክተር የሚባለውን ትእዛዝ ሞክሩ። በጣም ሲረዝም ግን ኮምፒውተርም ያቅተዋል፣ 250 ዲጂት ያለው አርኤስኤ-250 የሚባል ቁጥር የተበተነው በ2020 ነው፣ ያውም ብዙ ኮምፒውተር ተሰብስቦ። ደግነቱ በዘፈቀደ የሚገጥማችሁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ትናንሽ አካፋዮች አሉበት፣ ስለዚ መጀመሪያ እነሱን አውጡ፣ ከዛ የቀረውን በሚለር-ራቢን ፈትሹ፣ ፕራይም ካልሆነ ብቻ ወደ ከባዱ ዘዴ ሂዱ።

ለመለማመጃ 14,605,812ን ውሰዱ። በዋናው ቁጥር ላይ የ1,001ን ዘዴ ስትሰሩ 221 ይመጣላችኋል፣ እሱ 13 × 17 ነው፣ 17ን እንዳትወስዱት። ከፕራይሞቹ አንዱ ሶስቴ ነው ያለው፣ በ9 አካፍላችሁ አትሂዱ። መጨረሻ ላይ የሚቀራችሁ አምስት ዲጂት ነው፣ በፌርማ ዘዴ በመጀመሪያው ሙከራ ይወጣል። የአካፋዮቹ ብዛት 96 ከመጣላችሁ በትክክል ሰርታችኋል።